የአባቴ አግዳሚዎችና የአሰላ ሻጋታ

በአሰላ ክረምት የማይሻግት ነገር ቢኖር የአባቴ ምላስ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ ይሻግታል። አልጋ ሥር የተረሳ ጫማ ይሻግታል፣ ቀበቶ ይሻግታል፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የመልአክ ሥዕል እንኳ ነሐሴ ሲደርስ ክንፉ አረንጓዴ ያወጣል። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገችው «ይቅር በለኝ» ትለዋለች። እኔ ግን ይቅርታ መጠየቅ የነበረበት እሱ ይመስለኝ ነበር፤ የተሰቀለው ቤት ሊጠብቅ ነው።

ጭጋጉ ከጭላሎ ተራራ ተነሥቶ ጠዋት ከተማው ላይ ይወርዳል። መቼ እንደሚሄድ የማይናገር የዘመድ እንግዳ ይመስል ዘርፈጥ ብሎ ይቀመጣል። ፀሐይ የምትወጣው ልብስ ባላጠብንበት ቀን ነው።

አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ገና ወጣት ሳለ ከጉራጌ አገር መጥቶ አሰላ የቀረ ሰው ነው። ሱቁ መንገድ ዳር፣ መኖሪያችን ከሱቁ ጀርባ፣ በመካከሉ ግቢ። አቡጀዲ፣ ካኪ፣ ነጠላና ጋቢ ይሸጣል። ደንበኛ አንዴ ከተቀመጠ ለመነሣት ያፍራል፣ ሲያፍር ደግሞ ይገዛል የሚል እምነት ስለነበረው አናጢ አስጠርቶ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮችና ጠረጴዛ አሠራ። አናጢው ጥድ ይሻላል ቢለው፣ ዝግባ ነጭና ለስላሳ ነው፣ ሲዳስሱት ፖፕሊን ይመስላል ብሎ በዝግባ አሠራው። ጨርቅ ነጋዴ እንጨት ሲገዛ እንዲህ ነው።

አንዱ አግዳሚ ከሱቁ ደጃፍ፣ ሌሎቹ ከግቢው ውስጥ ተደረደሩ። ክረምት እንደገባ ጥቁር ነጠብጣብ አወጡ፤ ዝንብ መስሎን እሽ አልነው። ቀጥሎ አረንጓዴ ለበሱ። በገበያ ቀን ከሳጉሬ የመጡ አንዲት ሴትዮ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ ግማሽ ቀን ዋጋ ተከራክረው፣ ምንም ሳይገዙ ሲነሡ፣ ነጭ ቀሚሳቸው ከኋላ የአግዳሚውን ሥዕል ይዞ ሄደ። ከተማው ወዲያው ፈረደ።

«ዘዴ ነው» አሉ። «የሰው ቀሚስ ያበላሽና ሌላ ይሸጥለታል። ሻጋታውን ማታ ማታ ውሃ የሚያጠጣው ራሱ ነው።»

አባቴ በዚህ ሐሜት በጣም ተናደደ። ያናደደው፣ እንደሚመስለኝ፣ ሐሳቡ ቀድሞ ለእሱ ሳይመጣለት መቅረቱ ነው።

ይህ የሆነው በአርባዎቹ ዓመታት መጨረሻ ግድም ነው። እኔ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አልፌ ነበር። መስከረም ላይ ዘጠነኛ እገባለሁ ወይስ አልገባም የሚለው ነገር ገና አልተቆረጠም። አንድ ጊዜ አባቴን ጠየቅኩት፤ «እናያለን» አለኝ። በቤታችን «እናያለን» የሚባለው የማይደረግ ነገር ነው። የሱቁን ጣሪያ ቀዳዳ እኔ ከመወለዴ ጀምሮ እያየነው ነበር። ሁለተኛ አልጠየቅኩም፤ ጠባዬ አይደለም። እናቴ ደግሞ አንድ የሳጉሬ እህል አምራች ቤተ ሰብ ስለ እኔ እያጠያየቀ መሆኑን ሰምታ፣ ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ ሊልኩ ይችላሉ ብላ ነግራኛለች። ስለ ልጁ ክፉ የምለው የለኝም። አላየሁትማ።

ስለዚህ ያን ክረምት ዕጣዬ እስኪወጣ ድረስ ሻጋታ እፈትግ ነበር።

የእናቴ መድኃኒት አመድ ነው። አመድና አሸዋ ደባልቀን፣ በገለባ ጉንጉን እየፈተግን፣ በሙቅ ውሃ እናጥበዋለን። እንጨቱ እንደ ሙሽራ ፊት ይጠራል። ሆኖም ከታጠበ በኋላ የሚያደርቀው ፀሐይ ስለሌለ፣ ጭጋጉ ሁለት ጊዜ ከተኛበት ሻጋታው ተመልሶ ይመጣል፤ ታጥቦለት ደስ ብሎት የሚመጣ ነው የሚመስለው። እናቴ አንድ የገባት ነገር ነበር። ጭቃ ላይ የቆመ እግር ውሃ ይጠጣል፣ ግድግዳ የተጠጋ መደገፊያ አየር አያገኝም ትላለች። በእግሮቹ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገባች፤ አግዳሚውንም ከግድግዳው ራቅ አደረገችው። አባቴ ደግሞ ደንበኛ መደገፍ ይወዳል ብሎ መልሶ ይገፋዋል። እሷ ጠዋት ትስባለች፣ እሱ ከምሳ በኋላ ይገፋል። ሁለቱም ስለዚህ ጉዳይ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። በሌላ ነገር ሲጣሉ ግን ምክንያቱ አግዳሚው እንደሆነ እናውቃለን።

ቀጥሎ የጎረቤታችን የሐጂ ሚስት አዲስ ሐሳብ አመጡ። ሐጂ ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ከአባቴ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ በኦሮምኛም በአማርኛም ሰው መተረብ ይችሉበታል። ሚስታቸው የወተት ዕቃቸውን በወይራ ጭስ ነው የሚያጥኑት። «ቅሉ ካልሻገተ ወንበሩ ለምን ይሻግታል?» አሉ። ነገሩ እውነት መሰለን። አግዳሚዎቹን ገልብጠን፣ ሸራ አልብሰን፣ ከሥር ወይራ አጨስን። አንዱ እግሩ ከሰል ሆነ፤ ሌሎቹ ግን ዳኑ፤ ሻጋታውም ለጥቂት ጊዜ ራሱን ሳተ። ችግሩ፣ አግዳሚው በሙሉ የእርጎ ዕቃ የእርጎ ዕቃ ሸተተ። ደንበኞች ሲቀመጡ ይርባቸው ጀመር። የመንደሩ ጥጆች ከመስክ ሲመለሱ ከሱቃችን ደጃፍ እየቆሙ መቀመጫውን ይልሱታል።

«የጥጃ ደንበኛ አልፈልግም» አለ አባቴ። በዚያው ቀን ሄዶ የመጨረሻውን መድኃኒት አመጣ።

መድኃኒቱ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነበር። ከጣሊያኖች ሥራ የለመደ አንድ ጋራዥ ያለው ሰው፣ የጭነት መኪና ጣውላና የአጥር እንጨት በዚህ እንደሚቀባ፣ ምስጥም ሻጋታም እንደማይደፍረው ነግሮት፣ በነጭ ጋዝ ቆርቆሮ ሞልቶ ሰጠው። አባቴ ቆርቆሮውን ታቦት እንደተሸከመ ቄስ በመንገድ ማንንም ሳያናግር ይዞ ገባ። እጅጌውን ሰብስቦ በአሮጌ ጨርቅ መቀባት ሲጀምር ሽታው ከእሱ ቀድሞ አጥሩን ተሻገረ፤ የሐጂ ራስም በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ ጎረቤቴ። መኪና ገዛህ እንዴ?»

«አግዳሚ እየቀባሁ ነው፣ ሐጂ።»

«በሞተር ዘይት? አስነሥተህ ልትነዳው ነው?» ሐጂ ከትከት ብለው ሣቁ። «አንተ ሰው፣ ዘይት የሚጠጣ ደረቅ እንጨት ነው። ይሄ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ከርሞ ጠግቧል። ዘይቱን የት ያደርገዋል? እስከ መስቀል አይደርቅልህም።»

«በሳምንቱ ይደርቃል!»

«በሳምንቱ ከደረቀ እኔ በነጭ ጀለቢያዬ መጥቼ እቀመጥበታለሁ።»

«ይምጡ! ይቀመጡ!»

ሐጂ ራሳቸውን ነቅንቀው ከአጥሩ ወረዱ። አባቴ በንዴት አግዳሚዎቹን ጨርሶ ወደ ጠረጴዛው አለፈ። ቆርቆሮው ግን አላለቀም። ነጋዴ ደግሞ የተረፈ ነገር ሲያይ አያስችለውም። ከቤት በርጩማዎቹን አስወጥቶ ቀባ። ባለ ሦስት እግር ዱካዎቹን ቀባ። የእናቴን አልጋ እግር ቀባ። ወደ ማድቤት ሲመጣ እናቴ ሙቀጫዋን አቅፋ በሩ ላይ ቆመች።

«ሙቀጫውን አምጪው፤ እሱም ይሻግታል።»

«እኔን ቀባኝ!» አለች እናቴ። «እኔም እየሻገትኩ ነው!»

ሙቀጫው ተረፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በቤታችን መቀመጫ የሚባል ጠፋ። በቤቱ ውስጥ ያለው መደብ የሱቁ ጣሪያ ስለሚያፈስ የአቡጀዲ ጣቃ ተቆልሎበታል። አግዳሚዎቹም በርጩማዎቹም ግቢው ውስጥ ተሰልፈው ያብለጨልጫሉ፤ ሲነኳቸው ጣት ላይ ጥቁር ጥቁር ነገር ይተዋሉ። እኛ ቁጢጥ ብለን እንበላለን። አባቴ ቁጢጥ ማለት ክብሩ ስላልፈቀደለት ቆሞ ይበላል። ሐጂ በየማለዳው በአጥሩ ላይ ይመጣሉ።

«ደረቀ?»

«ደርቋል!»

«ታዲያ ለምን ቆመህ ትበላለህ?»

«ለጤና ነው!»

ሳምንቱ አለፈ። ዘይቱ አልደረቀም። ሻጋታው ጠፍቷል፤ በእርግጥ ጠፍቷል፤ በእንዲህ ያለ ነገር ላይ ምን ፍጥረት ይኖራል? ግን ሰውም መቀመጥ አይችልም። አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሳያይ ተቀምጦ፣ ካኪ ሱሪውን ጥሎ አዲስ ሱሪ በነፃ ተሸልሞ ሄደ።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ጭጋጉ ገና ባልተነሣበት ጠዋት እናቴና እኔ ማድቤት ነበርን። የግቢው በር ተንኳኳ። እናቴ አጮልቃ አየችና ፊቷ ተለወጠ። ሦስት ሰዎች በነጭ በነጭ ለብሰው፣ ዱላ ይዘው ቆመዋል። ሽማግሌዎች ናቸው። መስቀልን ሳይጠብቁ መጡ። ከፊት የቆሙት ደግሞ፣ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ሐጂ ነበሩ።

የሳጉሬዎቹ ሰዎች በአነጋገር አዋቂነታቸው ለምነዋቸው እንደሆነ በኋላ ሰማን። ወይስ የዘይቱን ክርክር መጨረሻ ሊያዩ መጡ? እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ወጉን ለማያውቅ ልንገር። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ ግቢ ገብቶ ይቆማል። የልጅቱ አባት «ኧረ ተቀመጡ» ይላል። እነሱ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላሉ። እሱ ይለምናል፣ እነሱ እምቢ ይላሉ፤ ሁለቱም ይህን እያወቁ ይጫወቱታል። በመጨረሻ ሲቀመጡ ነገሩ መልክ ያዘ ማለት ነው። ቀጠሮ ቢሰጣቸው እንኳ ተቀምጠው ነው የሚሰጣቸው። አንድ ጊዜም «ተቀመጡ» ያላለ አባት ግን ውሻውን ቢለቅባቸው ይሻለዋል።

«ተቀመጡ ካለ ጋቢያቸው አለቀ» አለች እናቴ በሹክሹክታ። «ካላለ ደግሞ ነገሩ አለቀ።»

እኔ እጄ ላይ ድስት ነበር። ንጹሕ ነበር፤ ደግሜ አጠብኩት።

«ዛሬ እንደ ጎረቤት አልመጣሁም» አሉ ሐጂ ድምፃቸውን አወፍረው። ከዚያ በፊት አባቴን «አንተ» እንጂ ሌላ ብለውት አያውቁም፤ ያን ዕለት «እርስዎ» አሉት። «የተከበሩ ሰዎች ይዤ፣ ከተከበሩ ሰው ደጅ መጥቻለሁ። ጉዳያችንን እንዲሰሙን ነው።»

«እንኳን ደኅና መጣችሁ» አለ አባቴ።

ሽማግሌዎቹ ጠበቁ። አባቴ ሰማዩን አየ። የልጁ አጎት፣ ረጅም የሳጉሬ ሰው፣ መጀመሪያ አግዳሚዎቹን፣ ቀጥሎ በርጩማዎቹን፣ ከዚያ አባቴን አዩ። በዚያ ግቢ ውስጥ መቀመጫ እንደዚያ ቀን በዝቶ አያውቅም።

ሐጂ አሳላቸው። «መንገዱ ጭቃ ነው። እግራችንም ደክሟል።»

«ጭቃስ ዘንድሮ አይጣል ነው» አለ አባቴ።

«እኛማ ቆመን ነው የምንናገረው። ግን ሰው እንደ ወጉ…»

«ቆሞ መናገር ጥሩ ነው። ድምፅ ይወጣል።»

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። የሐጂን ፊት ከማድቤቱ ሆኜ አየሁት። ጢማቸው ውስጥ አንድ ነገር ይንቀሳቀስ ነበር፤ ዱዓ እንዳልሆነ ግን ግልጽ ነው።

አጎትየው ትዕግሥታቸው አለቀ። «እኛ የመጣነው ልጅዎን ፈልገን ነው» አሉ፤ «ወንበርዎን አይደለም። ዛሬ ካልተመቸዎ መቼ እንመለስ?»

ይህ ጥያቄ የመዳኛ በር ነበር። አባቴ «ከመስቀል በኋላ» ቢል ነገሩ ሁሉ ያልቃል፤ ሰዎቹ በክብር ይሄዳሉ፣ አግዳሚው ይደርቃል፣ እነሱ ይመለሳሉ፣ እኔም ሳጉሬ እወርዳለሁ። አፉን ከፈተ። ወዲያው ሐጂን አየ። ሐጂ አንገታቸውን ወደ ፊት ሰግገው፣ «መስቀል» የምትለዋን ቃል እንደ ትኩስ ቆሎ ለመቀበል ተዘጋጅተው ቆመዋል። አባቴ አፉን ዘጋ። ያ ሁሉ ማለዳ «ደርቋል» ያለው ሰው፣ አሁን በሽማግሌ ፊት አልደረቀም ሊል አልቻለም።

«ልጄ ትማራለች» አለ።

ማንም አልጠበቀውም፤ እሱም ጭምር።

«ምን አሉ?» አሉ አጎትየው።

«ዘጠነኛ ክፍል ትገባለች። ቃሌ ነው።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪያልቅ!»

«ትምህርት ያልቃል እንዴ?» አሉ አጎትየው፤ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ወደ በሩ ዞሩ። ሦስተኛው ሽማግሌ ተከተሏቸው።

ሐጂ ወደ ኋላ ቀሩ። ወደ አግዳሚው ጠጋ ብለው በአንድ ጣታቸው ነካ አደረጉት። ጣታቸውን አዩ። አባቴ እንደገና ሰማዩን ያያል። ሐጂ ጣታቸውን በአጥሩ እንጨት ላይ በደንብ ጠረጉና፣

«ግሩም አባት ነህ» አሉት። «ከተማው ይህን መስማት አለበት።»

በሩ ከተዘጋ በኋላ እናቴ ወጣች።

«ምንድን ነው ያልካቸው?»

«የወሰንኩትን ነዋ።»

«መቼ ነው የወሰንከው?»

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «ይሄ ትምህርት ስንት ዓመት ነው?» አለኝ።

«አራት» አልኩት።

«አራት!» አለና አግዳሚውን ለረጅም ጊዜ አየው። «እስከዚያ ወይ ዘይቱ ይደርቃል፣ ወይ ሐጂ ይሞታሉ።»

ሐጂ አልሞቱም። ይልቁንም እህል በሚገዙበት ሁሉ፣ በሳጉሬም በበቆጂም ገበያ፣ ጎረቤታቸው ለትምህርት ሲል ባለጠጋ አማች እንደመለሰ አወሩ። ስለ ዘይቱ ግን ትንፍሽ አላሉም። ያንን ለራሳቸው መጫወቻ አስቀሩት። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሰዎች ሱቅ ድረስ እየመጡ የአባቴን እጅ ጨበጡ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተርም መጥተው እንደ እርስዎ ያለ አባት ቢበዛልን አሉት። አባቴ በመጀመሪያ ዓይኑ ይቅበዘበዝ ነበር፤ ቆይቶ ግን ጎበጥ ማለቱን ትቶ ቀና ብሎ ምስጋና መቀበል ጀመረ። አንድ ቀን ብቻ ወለም ዘለም ሊል ሞከረ። ሴት ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ደርሳ ምን ታደርጋለች ሲል እናቴን እንደሚጠይቅ ሆኖ ድምፁን ከፍ አደረገ። ከአጥሩ ማዶ የሐጂ ድምፅ መጣ።

«ሐሳብህን ከቀየርክ፣ ያኔ የመለስካቸው በሌላ ምክንያት ነበር ማለት ነው!»

ከዚያ በኋላ አልሞከረም።

አግዳሚዎቹ በጥቅምት ፀሐይ ዘይቱን ጠጥተው ጨረሱ፤ ጠቆሩ፤ ለብዙ ክረምትም ሻጋታ አልነካቸውም። ይሁን እንጂ ነጭ የለበሰ ሰው ከመቀመጡ በፊት በእጁ ዳሰስ ማድረጉን አልተወም። እኔ ዛሬ ግቢዬ ውስጥ ላለው ወንበር የተልባ ዘይት ነው የምጠቀመው። በጥር፣ እንጨቱ አጥንት ሆኖ ሲደርቅ፣ በስሱ ቀብቼ የተረፈውን በጨርቅ እጠርጋለሁ። በክረምት ምንም አልቀባም፤ አመድ ብቻ። እግሮቹን ድንጋይ ላይ አቆማለሁ፣ ከግድግዳም አርቀዋለሁ። ወደ ግድግዳ የሚገፋብኝ ሰው ስለሌለ ሥራው ቀሏል።

በዚያው መስከረም አባቴ ራሱ ሊያስመዘግበኝ ትምህርት ቤት መጣ፤ የክት ካፖርቱን ለብሶ። ዳይሬክተሩ ሌሎች ወላጆችም እንዲሰሙ ብለው ለምን ልጁን ማስተማር እንደፈለገ ጠየቁት። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና ተናገረ። ስለ አገር ተናገረ፣ ስለ ሴት ልጅ ዕውቀት ተናገረ፤ ከዚያ በፊት በቤታችን ተሰምቶ የማያውቅ ነገር ነበር። አንዲት እናት እንባቸውን ጠረጉ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ወደ ቤት ስንመለስ፣ ገበያውን ካለፍን በኋላ ቆመ።

«እንግዲህ ውደቂና እንተያያለን» አለኝ። «ለሐጂ መሣቂያ ብታደርጊኝ ሳጉሬ ድረስ ራሴ ነኝ ተሸክሜ የማደርስሽ።»

አልወደቅኩም። በየመንፈቁ ካርዴን ይዤ ስገባ ከእጄ ይቀበለኝና በቀጥታ ወደ አጥሩ ሄዶ ውጤቴን ለሐጂ ጮክ ብሎ ያነብላቸው ነበር። ሒሳቡን ግን ይዘለዋል።